ለየቁጥሩ የሚስማማውን ግራፍ ስለ መምረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአረቅጥ ለወላጆችና ለእንግዶች የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ቀን፣ እኛ የሒሳብና የኮምፒዩተር ክበብ አባሎች በፊታችሁ ቆመን ጥቂት ቃል እንናገራለን። የንግግራችን ርእስ ለጊዜው ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ የተጻፈ ቁጥር ወደ ግራፍ ሲለወጥ ለየትኛው ቁጥር የትኛው ግራፍ እንደሚስማማ ማስረዳት ነው። ነገሩ ግን ከኮምፒዩተር ክፍላችን በር ውጭ ብዙ ርቆ ይሄዳል። ዛሬ የተማሪ ውጤት ቢሆን፣ የጤና ጣቢያ መዝገብ ቢሆን፣ የወረዳ ሪፖርት ቢሆን በግራፍ እየተሣለ በየግድግዳው ይለጠፋል። የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው ቁጥሩን አንድ በአንድ አያነብም፤ ሥዕሉን ተመልክቶ ይፈርዳል። ስለዚህ ግራፉ ያለ ቦታው የተመረጠ እንደ ሆነ፣ በቁጥሩ ላይ አንድም ስሕተት ሳይኖር ፍርዱ ይሳሳታል።

አባቶቻችን «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ። በእኛም አገር ክትፎ በጣባ፣ ቡና በስኒ ይቀርባል። ቡናውን በጣባ ያቀረበ ባለቤት ቡናውን አላበላሸም፤ እንግዳው ግን እንዴት አድርጎ እንደሚጠጣው ግራ ይገባዋል። ግራፍም ለቁጥር እንዲሁ ዕቃ ነው። ዕቃው የሚመረጠው ደግሞ በመልኩ ማማር ሳይሆን በውስጡ በሚቀመጠው ነገር ነው። በዛሬው ንግግራችን ልናስረዳ የምንፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ግራፍ ከመምረጥ በፊት ጥያቄውን መምረጥ ያስፈልጋል። ጥያቄው የታወቀ እንደ ሆነ ግራፉ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመጣል።

የግራፍ ታሪክ ራሱ ይህን ያስተምራል። ዊልያም ፕሌይፌር የተባለ የስኮትላንድ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1786 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝን የውጭ ንግድ በየዓመቱ እያከታተለ በመስመር ግራፍ አሳየ። ለስኮትላንድ ግን በእጁ የነበረው የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ነበር። የአንድ ዓመት ቁጥር መስመር ሊሆን አይችልም፤ ከየት ተነሥቶ ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ ስኮትላንድ ከየአገሩ ጋር ያደረገችውን ንግድ ጎን ለጎን በተደረደሩ ባሮች ሣለው። ዛሬ የምናውቀው ባር ግራፍ በዚህ ዓይነት ተወለደ። እኚሁ ሰው በ1801 ደግሞ ፓይ ቻርት የምንለውን ክብ ግራፍ አሳተሙ። እንግዲህ የመጀመሪያው ባር ግራፍ የመጣው ሠዓሊው ባር ስላማረው ሳይሆን ቁጥሩ ሌላ መልክ ስለማይቀበል ነው።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለችው እንግሊዛዊት ነርስ ከክሪሚያ ጦርነት በኋላ በ1858 ያሳተመችው ግራፍ፣ በቁስል ከሞቱት ወታደሮች ይልቅ በበሽታ የሞቱት እጅግ እንደሚበዙ በግልጽ አሳየ። ቁጥሩ ቀድሞውኑ በመዝገብ ላይ ነበረ፤ መዝገቡን ግን ማን ያነባል? በሥዕል በወጣ ጊዜ የሆስፒታልን ንጽሕና ጉዳይ ባለሥልጣኖች ቸል ሊሉት አልቻሉም። ተስማሚ ግራፍ እንዲህ ያለ ኀይል አለው። ተስማሚ ያልሆነውም ኀይሉ አያንስም፤ የሚሠራው ግን በተቃራኒው ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ግራፍ ለማውጣት ማስመሪያ፣ ቀለምና የብዙ ቀን ድካም ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ሰው እጁን ከማንሣቱ በፊት ያስብ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ቪዚካልክ የተባለው የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ፣ በ1985 ደግሞ ዛሬ በየቢሮው የምናገኘው ኤክሴል ከወጣ ወዲህ ድካሙ ቀለለ። አሁን ቁጥሩን መርጦ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል፤ ግራፉ ከነቀለሙ ብቅ ይላል። ኮምፒዩተሩ ግን «ምን ለማወቅ ፈልጋችሁ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ያዘዙትን ሁሉ፣ የማይረባውንም ጭምር፣ ያለ ቅሬታ ይሥላል። ማሰቡ ለእኛ ተትቷል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ እንግባ። በሠንጠረዥ ላይ የሚነሡት ጥያቄዎች ብዙ ቢመስሉም፣ ተጠቃለው ሲታዩ አምስት ናቸው።

አንደኛው ጥያቄ «ማን ይበልጣል? ማን ያንሳል?» የሚለው ነው። ለዚህ ባር ግራፍን የሚያህል የለም። የየክፍሉን የተማሪ ብዛት፣ የየወረዳውን የትምህርት ቤት ብዛት ለማወዳደር ባሮቹን ጎን ለጎን አቁሞ ቁመታቸውን ማየት ነው። የሚነጻጸሩት ነገሮች ስማቸው ረዘም ያለ እንደ ሆነ ባሮቹን በአግድም ማስተኛት ይሻላል። ጉመር፣ ቸሃ፣ እዣ አጫጭር ስሞች ስለ ሆኑ ከቆመ ባር ሥር ይገባሉ፤ «እነሞርና ኤነር» ግን ከቆመ ባር ሥር ሲጻፍ ፊደሉ ይጋደምና አንባቢው አንገቱን እንዲያጣምም ያስገድደዋል። ደግሞም የተለየ ቅደም ተከተል የሌላቸውን ነገሮች ከትልቁ ወደ ትንሹ መደርደር ጥሩ ነው፤ ዐይን ሳይደክም ደረጃውን ያገኛልና።

ባር ግራፍ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፦ ከዜሮ መነሣት አለበት። በአረቅጥ ገበያ የቆመ ነጋዴ ሚዛኑ ባዶ ሳለ ዜሮ ላይ ካልቆመ ገዢው አይቀበለውም። የባር ግራፍም መለኪያ እንደዚሁ ነው። ባሩ የሚናገረው በቁመቱ ስለ ሆነ፣ እግሩን የቆረጡት እንደ ሆነ ንግግሩ ሐሰት ይሆናል። የዚህን ምሳሌ ወደ ኋላ በቁጥር እናሳያለን።

ሁለተኛው ጥያቄ «በጊዜ ብዛት እንዴት ተለወጠ?» የሚለው ነው። ለዚህ የሚስማማው የመስመር ግራፍ ነው። ለአገራችን ቅርብ የሆነው ምሳሌ በቡታጅራ ይገኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በቡታጅራ ዙሪያ በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ ውስጥ የሚወለደውን፣ የሚሞተውን፣ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሰው እየተከታተለ ሲመዘግብ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ከዓመት ወደ ዓመት የሚቀጥል መዝገብ ለመስመር ግራፍ የተፈጠረ ነው። መስመሩ ወደ ላይ በወጣበት ዓመት «ምን ደረሰ?» ብሎ ለመጠየቅ መንገድ ይከፍታልና።

በመስመር ግራፍ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በዓመታቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። የኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቆጠራዎች መካከል ያለው ጊዜ ከ10 ዓመት ብዙ አይበልጥም፤ በኋለኞቹ መካከል ያለው ግን ከ12 ዓመት በላይ ነው። ተራው የመስመር ግራፍ ሁለቱን እኩል አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ዕድገቱ በአንዱ ወገን ከእውነቱ የፈጠነ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ጊዜው እኩል ባልተከፋፈለ ቁጥር ላይ ጊዜውን ራሱን እንደ ቁጥር በአግድሙ መለኪያ ላይ የሚያስቀምጠውን የነጥብ ግራፍ ወስዶ ነጥቦቹን በመስመር ማያያዝ ይገባል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ከዚህ ይከብዳል፤ ይኸውም መስመሩ የሚያያይዛቸው ነገሮች በእርግጥ አንድ ነገር መሆናቸውን መመርመር ነው። በ1987 ቆጠራ የጉራጌ ዞን ሕዝብ 1,556,964 ነበር። በ1999 ቆጠራ 1,279,646 ሆነ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በመስመር ያያያዘ ሰው፣ መስመሩ ወደ ታች ሲወርድ አይቶ «የጉራጌ ሕዝብ በ277 ሺህ ቀነሰ፤ ምን ዓይነት መቅሠፍት ወረደበት?» ይላል። ነገር ግን መቅሠፍት አልወረደም። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል በ1993 ዓ.ም. ስልጤ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በ1999 በስልጤ ዞን ብቻ ከ750 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተቆጠረ። ሁለቱ ዞኖች ተደምረው ሲታዩ ከ2 ሚሊዮን ያልፋሉ፤ ይህም ማለት በዚያ ምድር ላይ የሚኖረው ሕዝብ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ያያያዛቸው መስመር ግን ሐሰት ነው። ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማዎች ናቸው። ከእንግዲህ «የጉራጌ ዞን» የሚል ስም በሠንጠረዥ ላይ ያየ ሰው ሁሉ «የትኛው? ከመቼ ወዲህ ያለው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ጥያቄ «ከጠቅላላው ምን ያህሉ?» የሚለው ነው። ክብ ግራፍ ለዚህ ተፈጠረ። በ1999 ቆጠራ ከጉራጌ ዞን ሕዝብ 119,822ቱ የከተማ ነዋሪ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 9.36 ያህል ነው። የቀረው ሁሉ የገጠር ነዋሪ ነበር። ይህን በክብ ግራፍ የሣልነው እንደ ሆነ፣ አንዲት ቀጭን ቁራሽ ከአንድ ሰፊ ክብ ውስጥ ትታያለች፤ ያልተማረ ሰው እንኳ «ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ገበሬ ነበር» ብሎ በአንድ ጊዜ ይረዳል። እዚህ ላይ ክቡ ትክክለኛ ሥራውን ሠራ።

ነገር ግን ክብ ግራፍ እንደ ዳቦ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ሰው ሲቆረስ ማን የበለጠ እንደ ደረሰው ይታወቃል፤ ለአሥራ አምስት ሰው ሲቆረስ ግን ማንም አይለየውም። ዐይናችን የቁመትን ልዩነት በደኅና ይለካል፤ የማዕዘንን ልዩነት ግን ይስታል። ስለዚህ ቁራሾቹ ከአራትና ከአምስት የበለጡ እንደ ሆነ ወደ ባር ግራፍ መመለስ ይሻላል። ቁራሾቹ ተደምረው አንድ ሙሉ ነገር የማይሆኑ ከሆነማ ክብ ግራፍን ፈጽሞ መንካት አይገባም።

አራተኛው ጥያቄ «ይህ ሲጨምር ያኛው ይጨምራል ወይ?» የሚለው ነው። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣ ተማሪ ስንት ሰዓት ይሄዳል? ውጤቱስ ስንት ነው? እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማስተያየት የነጥብ ግራፍ ይጠቅማል። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል፤ የመንገዱ ርዝመት በአግድም፣ ውጤቱ በቁም ይለካል። ነጥቦቹ ተሰልፈው ወደ አንድ ወገን ከወረዱ በሁለቱ መካከል ዝምድና አለ፤ እንደ ተዘራ ገብስ ከተበተኑ ግን የለም። ዝምድና መኖሩ ብቻ ግን አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ጃንጥላ ብዙ በሚሸጥበት ወር ወንዙ ይሞላል፤ ወንዙን የሞላው ግን ጃንጥላው አይደለም።

አምስተኛው ጥያቄ «ቁጥሩ እንዴት ተሰራጨ?» የሚለው ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ክፍሎች አሉ እንበል፤ የሁለቱም አማካይ ውጤት 50 ነው። በአንደኛው ክፍል ሁሉም ተማሪ ከ45 እስከ 55 አግኝቷል። በሁለተኛው ክፍል ግን ገሚሱ ወደ 20፣ ገሚሱ ወደ 80 አግኝቷል። አማካዩን ብቻ በሁለት ባር የሣለ ሰው ሁለቱን ክፍሎች መንትያ ያደርጋቸዋል። መምህሩ ግን በሁለቱ ክፍሎች አንድ ዓይነት ትምህርት ሊሰጥ አይችልም፤ በሁለተኛው ክፍል ግማሹ ተማሪ ተረስቶ ቀርቷልና። ውጤቱን በአሥር በአሥር ከፍሎ በየመደቡ ስንት ተማሪ እንዳለ የሚያሳየው ሂስቶግራም ይህን ያወጣዋል። ፍራንሲስ አንስኮም የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 አራት ትንንሽ ሠንጠረዦችን አዘጋጅቶ ነበር። የአራቱም አማካይና ሌላውም ስሌት አንድ ዓይነት ነው፤ በነጥብ ግራፍ ሲሣሉ ግን አራቱ ፈጽመው የተለያዩ ናቸው። ከስሌት በፊት ማየት እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ክቡራንና ክቡራት፤ እስካሁን የተናገርነውን አሁን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ እንፈትነው። የመረጥነውም ተማሪዎችን፣ መምህራንንና ወላጆችን ከሁሉ ይልቅ የሚነካውን፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 የትምህርት ዘመን አንሥቶ እስከ 2017 ድረስ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት ተማሪዎች ብዛት፣ ትምህርት ሚኒስቴር እንዳስታወቀው፣ በቅደም ተከተል 29,909፣ 27,267፣ 36,409 እና 48,929 ነበር። ከተፈታኙ ጋር ሲነጻጸር ይህ ከመቶ 3.3፣ 3.2፣ 5.4 እና 8.4 ይሆናል። የተፈታኞቹ ብዛት ደግሞ ወደ 896 ሺህ፣ 845 ሺህ፣ 675 ሺህ እና 586 ሺህ ያህል ነበር። አራት ዓመት፣ ሦስት ዓይነት ቁጥር፤ ሠንጠረዡ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ አንድ ሰው አራቱን የመቶኛ ቁጥሮች መርጦ ክብ ግራፍ ይሠራ እንበል። ኮምፒዩተሩ አይከለክለውም። አራቱ ቁጥሮች ተደምረው 20.3 ይሆናሉ፤ ይህ ድምር ደግሞ ምንም ትርጕም የለውም። ኮምፒዩተሩ ግን 20.3ን እንደ ሙሉ ክብ ቆጥሮ ያካፍለዋል። ስለዚህ የ2017ቱ 8.4 ከክቡ ከመቶ 41 ያህሉን ይዞ ቁጭ ይላል! ከሩቅ የሚያይ ወላጅ «በዚያ ዓመት ግማሽ ሊሆን ጥቂት የጎደለው ተማሪ አልፏል» ብሎ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እውነቱ ግን ከ12 ተማሪ አንዱ ብቻ ማለፉ ነው።

ሁለተኛ፣ ያለፉትን ተማሪዎች ብዛት በባር ግራፍ ይሥላል እንበል፤ ልዩነቱ ጎልቶ እንዲታይለትም መለኪያውን ከዜሮ ሳይሆን ከ25,000 ያስነሣል። የ2015ቱ ባር 2,267 ያህል ቁመት ብቻ ሲኖረው የ2017ቱ 23,929 ይሆናል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል ማለት ነው። እውነተኛው ልዩነት ግን 2 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ሚዛኑን ያጋደለ ነጋዴ ያደረገውን ይህም ሰው አደረገ።

ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው? መልሱ በጥያቄው ላይ ይንጠለጠላል። «ስንት ወጣቶች የዩኒቨርሲቲ በር ተከፈተላቸው?» ብሎ ለሚጠይቅ፣ ከዜሮ የተነሣ ባር ግራፍ በአራቱ ቁጥሮች ይበቃዋል። «ከሚፈተነው ውስጥ የሚያልፈው ድርሻ እየተለወጠ ነው ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ፣ የመቶኛው የመስመር ግራፍ ይስማማዋል፤ መለኪያውም ከዜሮ እስከ 10 ቢሆን ለውጡ በደንብ ይታያል። «ገና ስንት ይቀረናል?» ብሎ ለሚጠይቅ ደግሞ እያንዳንዱን ዓመት እንደ አንድ ሙሉ ባር እስከ 100 አቁሞ፣ ያለፈውንና ያላለፈውን በሁለት ቀለም መክፈል ነው። በዚህ ጊዜ ያለፈው በባሩ እግር ላይ እንደ ስስ ንጣፍ ሆኖ ይታያል። ሥዕሉ ልብ ይሰብራል፤ ግን እውነት ነው። የመስመሩ ግራፍ ተስፋን፣ የሙሉው ባር ግራፍ የቀረውን ሥራ ይናገራል፤ ሁለቱም ከአንድ ሠንጠረዥ የወጡ ናቸው። አንዱን ብቻ የሚያሳይ ሰው የነገሩን ግማሽ ደብቋል።

አራተኛም ጥያቄ አለ፤ ብዙ ሰውም አያነሣውም። የተፈታኙ ቁጥር በአራት ዓመት ውስጥ ከ896 ሺህ ወደ 586 ሺህ ወርዷል። መቶኛው ከ2015 እስከ 2017 ከ2 እጥፍ ተኩል በላይ ሲያድግ ያለፈው ተማሪ ብዛት ግን ወደ 1.8 እጥፍ ብቻ ያደገበት ምክንያት የተፈታኙ ቁጥር መቀነስ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን በሁለት ግራፍ ያስቀመጠ ሰው «ያልተፈተኑት ወዴት ሄዱ?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። ደኅና ግራፍ መልስ መስጠቱ ብቻ አይበቃም፤ ተገቢውን ጥያቄ ማስነሣትም ይጠበቅበታል።

አሁን ደግሞ ለአገራችን ተማሪ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን እንጠቁም።

የመጀመሪያው ስለ ጳጉሜን ነው። የደጋችንን ዝናብ በወር በወር በባር ግራፍ ለመሣል ብንፈልግ፣ በእኛ አቆጣጠር 13 ባሮች ይወጣሉ። ከነሐሴ ረጅም ባር አጠገብ የጳጉሜን ባር እንደ ጉቶ አጥሮ ይታያል። የማያውቅ ሰው ዝናቡ ድንገት የቆመ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለ ሆነች ነው። መፍትሔው ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር መደመር፣ ወይም የሁሉንም ወር ዝናብ ለቀኑ ብዛት አካፍሎ የአንድ ቀን አማካይ መውሰድ ነው።

ሁለተኛው ስለ ወሮቻችን ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒዩተሩ መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ኅዳርን እንደ ወር አያውቃቸውም፤ ደርድር ያሉት እንደ ሆነ በፊደል ተራ ይደረድራቸዋል። በመስመር ግራፍ ላይ እንዲህ ቢሆን ዓመቱ ተተራምሶ መስመሩ ያለ ምክንያት ይዘላል። ስለዚህ ከወሩ ስም አጠገብ ከ1 እስከ 13 የሚቆጥር አንድ ዓምድ ጨምሮ፣ በዚያ ቁጥር መደርደር ይገባል።

ሦስተኛው ስለ ዓመተ ምሕረት ነው። 2014፣ 2015 ብለን በመጀመሪያው ዓምድ ስንጽፍ ኮምፒዩተሩ ዓመቱን እንደ ተራ ብዛት ቆጥሮ ከሌሎቹ ቁጥሮች ጋር ይሥለዋል። ከመቶ 8.4 የሚለው ቁጥር ከ2017 አጠገብ ሲቆም ከመሬት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ዓመቱን የአግድሙ መለኪያ ስም እንዲሆን ለይቶ መንገር ያስፈልጋል።

ስለ ጌጥም አንድ ቃል እንጨምር። ግራፉን እንደ ሣጥን ወፍራም አድርጎ የሚያሳየው ስልት ለዐይን ያምራል፤ ነገር ግን የፊተኛው ባር የኋለኛውን ይሸፍናል፤ ጫፉም በየትኛው ቁጥር ላይ እንደ ቆመ አይታወቅም። ቀለምም እንደዚሁ ነው። በቀለም የተለየው በጥቁርና በነጭ ሲባዛ ተቀራራቢ ግራጫ ሊሆን ይችላል፤ የየባሩን ስም በአጠገቡ መጻፍ ግን የትም ቢባዛ አይጠፋም። አርእስት፣ መለኪያ፣ ዓመትና ቁጥሩ የተገኘበት ቦታ ያልተጻፈበት ግራፍ ደግሞ ፊርማ እንደሌለው ደብዳቤ ይቆጠራል።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ ይህን ሁሉ በእናንተ ፊት መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅን በትምህርት ቤት ማቆየት ለገበሬ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። አረቅጥ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ከቤት አመላልሶ መማር ዋጋው ብዙ ነው። የአገራችን ሰው ልጁን ወደ አዲስ አበባ ልኮ በንግድ እንዲሠማራ ማድረግን ከጥንት ያውቃል፤ ንግድም የተከበረ ሥራ ነው፤ ብዙ ቤት የቆመበት ነው። አንድ አባት «ልጄ ይማር ወይስ ይነግድ?»፣ አንዲት እናት «ልጄ ትቀጥል ወይስ ከቤት ትዋል?» ብለው ሲመካከሩ፣ በግድግዳ ላይ ያዩት ሥዕል በምክራቸው ውስጥ ይገባል። የተጋነነው ሥዕል በከንቱ ተስፋ ያሰክራቸዋል፤ የተጨቈነውም ያለ ጊዜው ተስፋ ያስቈርጣቸዋል። በሁለቱም ወገን የሚጎዳው ልጁ ነው፤ ልጅቱም ናት።

ስለዚህ ከእናንተ የምንለምነው ነገር ቢኖር፣ ማንም ሰው ግራፍ ባሳያችሁ ጊዜ ሦስት ነገር እንድትጠይቁት ነው። «መለኪያው ከስንት ይነሣል? ይህ ከምን ያህሉ ነው? ባለፈው ዓመት የተቆጠረው ነገርና ዘንድሮ የተቆጠረው አንድ ነው ወይ?» እነዚህን ለመጠየቅ ኮምፒዩተር ማወቅ አያስፈልግም፤ በገበያ ሚዛን የሚያይ ሰው ሁሉ ይችላቸዋል። እኛም ተማሪዎች ነገ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጤና ጣቢያው፣ በየሱቁ ሠንጠረዥ ስንይዝ፣ ጥያቄውን ከግራፉ አስቀድመን እንድንጽፍ እርስ በርሳችን አደራ እንባባላለን። «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ተብሏልና።